የተጠየቀ ሠራተኛ ዝም ሊል አይገባውም

በ16ኛው መቶ ዓመት በአሚር ኑር ዘመን የተሠራው የሐረር ጀጎል ግንብ አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት። ቀድሞ በአንዱ በር የቆመ ዘበኛ በአራቱ የሚገባውንና የሚወጣውን፥ ባልንጀሮቹ ካልነገሩት በቀር፥ አያውቅም ነበር። የመሥሪያ ቤት አለቃም እንደዚሁ ነው፤ ስለዚህ ለሠራተኞቹ ስለ ሥራቸው የጥያቄ ወረቀት ያድላል።

እኔም አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ወረቀት ቢደርሰኝ፥ ፈርቼ «ሁሉም ደኅና ነው» ብዬ መለስሁ። ማታ በቤቴ ሳጉረመርም ግን ባለቤቴ «ይህን እኔ ሰምቼ ምን ላደርግ እችላለሁ? ለጠየቁዎት ለምን አልጻፉም?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ።

ሰው ሰሚ ካገኘ ይናገራል። በአሜሪካ፥ በሺካጎ አጠገብ በነበረው በሐውቶርን የስልክ ዕቃ ፋብሪካ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1928 እስከ 1930 ዓ.ም. ከ20,000 የሚበልጡ ሠራተኞች ተጠይቀዋል። ጠያቂዎቹም አስቀድሞ በተዘጋጀ ጥያቄ ከመወሰን ይልቅ ሠራተኛው የልቡን እንዲናገር መተው የሚሻል መሆኑን ተረዱ።

እንግዲህ ሠራተኛ የሆነ ሁሉ ሲጠየቅ፥ ሳይሳደብና ሳያጋንን እውነቱን ይጻፍ። አለቃም ማን እንደ ጻፈው አይመርምር፤ የታረመውንና ያልታረመውንም ለሠራተኞቹ ይግለጥ። ይህ ከሆነ የመሥሪያ ቤት ቅሬታ በመሥሪያ ቤት ያልቃል እንጂ ከቤተ ሰብ ማዕድ አይደርስም።