የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር አሠራር

እንግሊዝኛ የሚማር ልጅ ያላቸው ወላጆች ማታ ማታ ቃል ሲያስጠኑ ይታያሉ። ቃል መያዙ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሁለት መቶ ቃል የያዘው ልጅ አንድ ዐረፍተ ነገር ጻፍ ቢሉት ቃሎቹን በአማርኛ ተራ ይደረድራቸዋል። በእንግሊዝኛ ደግሞ ተራው ከተዛነፈ ነገሩ ራሱ ይገለበጣል።

ይህንንም ለማስረዳት ምሳሌ እናምጣ። በአማርኛ «አንበሳው አዳኙን ገደለ» ብንል፤ «አዳኙን አንበሳው ገደለ» ብንልም፤ የሞተው አዳኙ ነው። ተሳቢውን የምታስታውቀው «ን» የተባለችው ፊደል ናትና ቃሉ ስፍራ ቢለውጥ ነገሩ አይፈርስም። እንግሊዝኛ ግን በስሞቹ ላይ እንዲህ ያለ ምልክት የለውም። «ዘ ላየን ኪልድ ዘ ሃንተር» ሲል የሞተው አዳኙ ነው፤ «ዘ ሃንተር ኪልድ ዘ ላየን» ሲል የሞተው አንበሳው ነው። አንዲት ፊደል ሳትጨመር ሳትቀነስ ገዳይና ሟች ተለዋወጡ። ስለዚህ ባለቤቱ በፊት፤ አንቀጹ በመካከል፤ ተሳቢው በኋላ ይቆማል። በጥንት ዘመን እንግሊዝኛም በስሞቹ መጨረሻ ላይ ምልክት ነበረው፤ በመካከለኛው ዘመን እየተሸረሸረ ጠፋና ሥራውን ለተራው ተወለት። ትራፊው ዛሬ «ሂ» እና «ሂም» በሚሉት ተውላጠ ስሞች ላይ ይታያል።

ኦንየንስ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ በ1904 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባሳተመው የሰዋስው መጽሐፍ ይህን አሠራር በአምስት ከፍሎታል። ከአምስቱ ልጆችን ይልቁን የሚያስቸግረው ሁለት ተሳቢ ያለው ነው። «ዘ ፋዘር ጌቭ ዘ ቦይ ኤ ሆርስ» ማለት አባት ለልጁ ፈረስ ሰጠ ማለት ነው፤ ተቀባዩ ይቀድማል፤ ስጦታው ይከተላል። «ቱ» የምትባለውን ቃል ሳያገቡ ተራውን ቢለውጡት ልጁን ለፈረሱ መስጠት ይሆናል።

ጥያቄ ሲሆን አማርኛ «መጣ ወይ?» ብሎ ይጨርሳል። እንግሊዝኛ «ዲድ ሂ ካም?» ይላል፤ ያለፈውን ጊዜ «ዲድ» ስለ ተሸከመው አንቀጹ «ኬም» መሆኑ ይቀራል።

ትእዛዝ ሲሆን ባለቤቱ ይሰወራል። እኛ ተቀመጥ፤ ተቀመጪ፤ ተቀመጡ፤ ይቀመጡ እያልን እንደ ሰውየው ማዕርግ እንለያለን፤ የእንግሊዝኛው «ሲት» ግን ለአሽከርም ለመኰንንም አንድ ነው። ስለዚህ እንግሊዞች ለሚያከብሩት ሰው «ፕሊዝ» ይጨምራሉ፤ ወይም ትእዛዙን በጥያቄ ለውጠው «ዊል ዩ ሲት ዳውን?» ይላሉ። ለውጭ አገር ሰው ደብዳቤ የሚጽፍ ሹም «ሴንድ» ብሎ ቢጀምር፤ እርሱ «ይላኩልን» ያለ ሲመስለው፤ ተቀባዩ «ላክ» እንደ ተባለ ሊቈጥረው ይችላል።