ቀላል፥ ጠንካራና ሸጋ የሥራ ቦርሳ

ጧት በሁለት ሰዓት ተኩል ግድም ከአንድ መሥሪያ ቤት በር አጠገብ ቆሞ የሚገባውን ሠራተኛ ለተመለከተ ሰው፥ የእያንዳንዱ የቀን ኑሮ ከትከሻው ላይ ይነበብለታል፡፡ አንዱ ላፕቶፑን በጀርባው አዝሎ ይመጣል፤ ሌላዋ የእጅ ቦርሳዋን በአንድ እጇ፥ የምሳ ዕቃዋን በፌስታል አድርጋ በሌላው እጇ ይዛ፥ ጃንጥላዋን በብብቷ ወሽቃ ትደርሳለች፤ ሦስተኛው ደግሞ ሰነዱን በጉያው ሸጉጦ ከዝናቡ ጋር እየተሽቀዳደመ ይገባል፡፡ ጥበቃው «ቦርሳ ይከፈት» ሲል ይህ ሁሉ ጓዝ መሬት ላይ ይዘረገፋል፤ ሰልፉም ይቆማል፡፡

እንግዲህ ለዚህ ችግር ከተገኙት መፍትሔዎች አንዱ ፈረንጆቹ «ቶት» የሚሉት፥ አፉ ሰፊ፥ ሁለት ማንገቻ ያለው፥ ከትከሻም ከእጅም የሚውል ቦርሳ ነው፡፡ ቃሉ በአሜሪካ እንግሊዝኛ መሸከም ማለት ነው፡፡ በዚያው አገር በሜይን ክፍለ ግዛት የሚገኘው ኤል ኤል ቢን የተባለው ድርጅት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1944 ዓ.ም. ከወፍራም ሸራ የተሰፋ የበረዶ መሸከሚያ ቦርሳ ለገበያ አቀረበ፡፡ ሰዎች በረዶውን ከመኪና እስከ ቤት ለማመላለስ የሚገዙት ዕቃ ነበር፡፡ በ1960ዎቹ ዓመታት ያው ቦርሳ የቀለም ጠርዝ ተጨምሮለት ተመልሶ ሲወጣ፥ በረዶ የማይሸከሙ ሰዎችም ወደዱት፡፡ ከዚያ ወዲህ ከተማሪ እስከ ባለሥልጣን የሚያንጠለጥለው ሆኖ ቀረ፡፡

መቸም ነገሩ ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ጥበብ ነው ብለን እጃችንን በአፋችን ላይ የምንጭንበት ምክንያት የለም፡፡ ካህኑ የብራና መጽሐፉን ከቆዳ በተሠራ ማኅደር ከትቶ፥ በጠፍር ማንገቻ ከትከሻው ላይ አውርዶ ሲጓዝ ኖሯል፡፡ የቆሎ ተማሪውም አኮፋዳውን አንግቦ አገር ያቋርጥ ነበር፡፡ ሁለቱም ዕቃዎች የተሠሩት አንድ ጥያቄ ለመመለስ ነው፤ ይኸውም፥ የሚያስፈልገኝን ነገር ሳልጎዳና ሳይጎዳ እንዴት አደርሰዋለሁ? የሚል ነው፡፡ «ወንድ ልጅ ቦርሳ በትከሻው አያንጠለጥልም» የሚሉ ወጣት ባልደረቦቼም ማኅደሩን የሚያነግቡት እነማን እንደ ነበሩ ያስታውሱ ዘንድ እለምናለሁ፡፡

ቦርሳ ለመግዛት የሚሄድ ሰው ሁሉ አስቀድሞ ቀለሙን ያያል፤ ቀጥሎ ዋጋውን ይጠይቃል፡፡ በበኩሌ አስቀድሞ ባዶውን አንሥቶ መመዘን ይገባል እላለሁ፡፡ ሒሳቡ ቀላል ነው፡፡ ላፕቶፑ 1 ኪሎ ተኩል፥ ቻርጀሩ 300 ግራም፥ የምሳ ዕቃው ከነምግቡ 800 ግራም፥ ግማሽ ሊትር ውኃ 500 ግራም፥ ጃንጥላው 350 ግራም፥ ደብተሩና ሰነዱ 500 ግራም ቢሆን፥ ጠቅላላው 4 ኪሎ ሊሞላ 50 ግራም ብቻ ይቀረዋል፡፡ በዚህ ላይ ባዶው ቦርሳ ራሱ 1 ኪሎ ተኩል የሚመዝን ከሆነ፥ ከሸክሙ ሁሉ ከሩብ የሚበልጠው ቦርሳው ነው ማለት ነው! ያውም ሸክሙ የሚወርደው በአንድ ወገን ትከሻ ላይ ነው፤ ያውም የታክሲው ሰልፍ ግማሽ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፡፡ ስለዚህ ባዶው ቦርሳ ከ700 ግራም ባይበልጥ መልካም ነው፡፡

ከክብደቱም ሌላ የማንገቻው ስፋት ብዙ ሥራ አለው፡፡ 4 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ማንገቻ፥ 1 ሳንቲ ሜትር ከሚሰፋው ቀጭን ማንገቻ ጋር ሲነጻጸር፥ ያንኑ ሸክም በአራት እጥፍ ቦታ ላይ ስለሚያሳርፈው በሥጋ ላይ የሚጫነው ኀይል ወደ ሩብ ይወርዳል፡፡ እንደ ገመድ የተገመዱት ቀጫጭን ማንገቻዎች በመስኮት ሲታዩ ያምራሉ፤ ማታ ልብስ ሲወልቅ ግን ትከሻ ላይ ቀይ መስመር አስምረው ይገኛሉ፡፡ የማንገቻውም ቁመት በክረምት ካፖርት ወይም ጃኬት ላይ ሊገባ የሚችል፥ ቢያንስ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች የሚወርድ ይሁን፡፡

አሁን ወደ ጨርቁና ወደ ቆዳው እንምጣ፤ ነጋዴና ገዢ የሚከራከሩት እዚህ ላይ ነውና፡፡

ሸራ ርካሽና ቀላል ነው፤ ሲቆሽሽም ይታጠባል፡፡ ፈረንጆች የሸራን ውፍረት በኦንስ ይለካሉ፤ አንዱ ኦንስ በአንድ ካሬ ሜትር 34 ግራም ያህል ይሆናል፡፡ ለቢሮ የሚሆን ከ10 እስከ 12 ኦንስ ያለው ነው፤ የሜይኑ ቦርሳ ባለ 24 ኦንስ ስለ ሆነ ማንም ሳይደግፈው ቀጥ ብሎ ይቆማል፡፡ በእኛ ገበያ ኦንሱን የሚነግራችሁ ነጋዴ ካልተገኘ፥ ጨርቁን ወደ ብርሃን አቅንቶ ማየት ይበቃል፤ ብርሃኑ በድርና በማጉ መካከል እንደ ወንፊት ከታየ ይቅርባችሁ፡፡ አሚዶ ጠጥቶ የደረቀ ሸራም አለ፤ በጣት ሲያሹት ዱቄት የመሰለ ነገር ከተወ፥ የመጀመሪያው የሐምሌ ዝናብ እንደ እርጥብ ነጠላ ያደርገዋል፡፡

ናይለን ከሁሉ ይቀላል፡፡ በአሜሪካ በዱፖንት ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1935 ዓ.ም. የተፈለሰፈ ሲሆን፥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የፓራሹት ጨርቅ ሆኖ አገልግሏል፡፡ የሰውን ነፍስ ከአየር ያወረደ ጨርቅ የእኛን ምሳ ዕቃ መሸከም አያቅተውም፡፡ የክሩ ውፍረት በዴኒየር ይለካል፤ ትርጓሜውም 9,000 ሜትር የሚረዝም ክር የሚመዝነው ግራም ነው፡፡ ባለ 420 ዴኒየር ለዘወትር ይበቃል፤ ብዙ የሚሸከም ግን እስከ 1,000 ያለውን ይፈልግ፡፡ የፈረንሳዩ ሎንሻም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1993 ዓ.ም. ናይለኑን ከቆዳ ማንገቻና ክዳን ጋር አጋብቶ፥ ተጣጥፎ የሚያንስ ቦርሳ አወጣ፤ ሐሳቡ የተቀዳው ከጃፓኖች የወረቀት ማጠፍ ጥበብ ነው፡፡ ብልሃቱ ይህ ነው፤ ሸክሙ የሚጎትተውንና ዓይን የሚያርፍበትን ስፍራ በቆዳ ማድረግ፥ የቀረውን ሁሉ በቀላል ጨርቅ መተው፡፡ ይህንኑ የእኛም ሰፊዎች ሊሠሩት የሚችሉት ነው፡፡

ስለ ቆዳ ሲነሣ ኢትዮጵያዊ ገዢ ከሩቅ አገር ማፈላለግ አያሻውም፡፡ የደጋው በጋችን ሌጦ ስሱና ጠንካራ በመሆኑ የእጅ ጓንት ሠሪዎች የሚመርጡት ነው፤ የባቲ ፍየል ሌጦም በውጭ ገበያ በስሙ የሚጠራ ነው፡፡ በተለይ ፍየሉ ለቦርሳ ይመቻል፤ ከበሬ ቆዳ ይሳሳል፥ ይቀላል፥ በቀላሉም አይቀደድም፡፡ የበሬውን ቆዳ የሚወድ ሰው ክብደቱን አብሮ እንደሚገዛ ይወቅ፡፡ ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ቆዳ መስሎ የሚሸጠው ፕላስቲክ ነው፡፡ ከላይ ሲያዩት ያብለጨልጫል፤ ጠርዙን ገለጥ ሲያደርጉት ከበስተ ኋላው የተለጠፈ ጨርቅ ይታያል፤ እውነተኛ ቆዳ ግን በጀርባው ጭረት ጭረት ያለው የሥጋ ወገን አለው፡፡ ይህ አስመሳይ በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ እንደ እባብ ቆዳ መላጥ ይጀምራል፤ ሲላጥም ሊጠገን አይቻልም፡፡ (አንዳንድ ጎበዞች ላይተር ይዘው መርካቶ ወርደው ቦርሳውን በባለ ሱቁ ፊት ሊለበልቡ ሲቃጡ አይቻለሁ፡፡ ቦርሳው ቆዳ ቢሆንም ባይሆንም ጠቡ እውነተኛ ይሆናል፡፡)

የሆነ ሆኖ ቦርሳ የሚያልቀው ከጨርቁ ሳይሆን ከስፌቱ ነው፡፡ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ባለፈው ክረምት ጨርቁ ገና አዲስ የሆነ ቦርሳ ይዛ በታክሲ ሰልፍ ላይ ሳለች አንደኛው ማንገቻ ከሥሩ ተነቀለ፡፡ ለፊርማ የያዘቻቸው ዋና ሰነዶች ጭቃ ውስጥ ገቡ፡፡ ሰነዶቹን እንደገና ለማስወጣት ሦስት መሥሪያ ቤት ተመላለሰች፤ አሥራ አንድ ቀንም ፈጀባት፡፡ ማንገቻው የተያዘው በአንዲት መስመር ስፌት ብቻ ነበር፡፡ እንግዲህ ስትገዙ ማንገቻው ከቦርሳው አካል ጋር የሚጋጠምበትን ስፍራ በጣታችሁ ያዙና ሳብ አድርጉት፡፡ ስፌቱ አራት ማዕዘን ሆኖ በመካከሉ የመስቀል ምልክት የተሰፋበት፥ ወይም የብረት ሪቬት የተመታበት መሆን አለበት፡፡ ክሩ ከጥጥ ይልቅ ፖሊስተር ወይም ናይለን ቢሆን ይመረጣል፡፡ ገበሩንም ገልብጡት፤ ገበሩ ነጣ ያለ ከሆነ ቁልፍና እስክሪብቶ ጨለማ ውስጥ አይጠፋችሁም፡፡ አፉ በዚፕ መዘጋት አለበት፤ በአውቶቡስ ግፊያ ውስጥ አፉን ከፍቶ የሚሄድ ቦርሳ ለሌባ የተዘረጋ ገበታ ነው፡፡

ስለ ውበት ብዙ አልናገርም፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ዓይን አለውና፡፡ ቡና ዓይነት፥ ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ከሁሉ ልብስ ጋር ይስማማሉ፡፡ ስፋቱ ከ36 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፥ ላፕቶፕና ያልታጠፈ ወረቀት በደኅና ያስገባል፤ ከዚያ የበለጠ እንደሆነ ባዶውን ቦታ የምንሞላው እኛው ነን፡፡ የታወቀ የፈረንጅ ድርጅት ስም በትልቁ የተጻፈበትንና በመንገድ ዳር የሚሸጠውን ግን አልመክርም፤ ጽሑፉን የሚያምነው ሰው የለምና፡፡

ወደ ዋጋው ስንመጣ፥ ደመወዝተኛ ሁሉ የሚፈራው ይህን ስለ ሆነ፥ ለምሳሌ ያህል እንዲህ እንበል፡፡ አንዱ ቦርሳ 1,500 ብር ተገዝቶ ስድስት ወር ያገለግላል፤ ሌላው 6,000 ብር ተገዝቶ አምስት ዓመት ይቆያል፡፡ በዓመት 250 የሥራ ቀን ቢታሰብ፥ ርካሹ በቀን 12 ብር፥ ውዱ ግን 5 ብር እንኳ የማይሞላ ያስከፍላል፡፡ ችግሩ 6,000ውን በአንድ ጊዜ ማውጣት ነው፡፡ ያን ለማይችል ተማሪና አዲስ ተቀጣሪ፥ ወፍራም ሸራ ገዝቶ ወደ ሠፈር ልብስ ሰፊ መሄድ ዋጋው የሚቻል፥ ልኩም እንደ ፈቃድ የሚሆን መንገድ ነው፡፡ በተለይም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክለውን አዋጅ ካጸደቀ ወዲህ፥ ምሳ ዕቃችንን በፌስታል ማንጠልጠሉ የሚያበቃበት ጊዜ ደርሷል፡፡

አንድ ነገር ልጨምር፡፡ የቆዳ ቦርሳ በዝናብ ሲርስ ከምድጃ ወይም ከፀሐይ ፊት አይሰጣ፤ ይደርቅና ይሰነጠቃል፡፡ በጨርቅ ጠርጎ፥ ውስጡን በአሮጌ ጋዜጣ ሞልቶ፥ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ማሳደር ነው፡፡ የማዕዘኑ ስፌት ሲላላም ቀዳዳው ሳይሰፋ ወደ ጫማ ሰፊው መውሰድ ነው፤ ሥራው ከሩብ ሰዓት አይበልጥም፡፡