ብርድ ያደረበት ሞተር ብስክሌት ጥንቃቄ ይሻል

በኅዳርና በታኅሣሥ ወራት በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በተለይም በደብረ ብርሃንና በመንዝ አካባቢ ሌሊት ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። በማለዳ የከብት ክትባት በበረዶ ሣጥን ይዞ ራቅ ወዳለ ጎጥ የሚጓዝ የልማት ሠራተኛ በቅድሚያ የሚገጥመው ሥራ ብርድ ያደረበትን ሞተር ብስክሌት ማስነሳት ነው። በችኮላ ተነስቶ ወዲያው ዳገት የሚወጣ ሞተር ያለ ጊዜው ያረጃል። ሞተሩ ከተበላሸ ደግሞ ክትባቱም ሆነ ምክሩ አርሶ አደሩ ዘንድ ሳይደርስ ይቀራል።

ለጉዳቱ ዋናው ምክንያት ዘይቱ ነው። ሞተሩ ቆሞ ሲያድር ዘይቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ብርዱም ያወፍረዋል። በመሆኑም ሞተሩ በተነሳባቸው የመጀመሪያ ሴኮንዶች እርስ በርስ የሚፋተጉት ብረቶች በቂ ቅባት አያገኙም። በዚህን ጊዜ ጋዝ መስጠት ብረትን በብረት ማስበላት ነው።

ስለዚህ ከማስነሳት በፊት ሞተር ብስክሌቱን ሜዳ ላይ ቀጥ አድርጎ አቁሞ የዘይቱን መጠን ማየት ይገባል። እንደ ያማሃ ኤ.ጂ. 100 ያሉት ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ለብቻው የተሠራ የዘይት መያዣ አላቸው፤ ይህ ዘይት ካለቀ ፒስቶኑ ግሎ በጉዞ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ቀጥሎም ማርሽ አለመግባቱን ማየት ይገባል። ከዚያም የቤንዚኑን መክፈቻ ከፍቶ፣ ቾኩን ስቦ፣ ቁልፉን ከፍቶ ጋዝ ሳይሰጡ ማስነሳት ነው።

በቾኩ አጠቃቀም ላይ ግን የደጋው ሰው ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ አየሯ ከባሕር ጠረፍ አየር ሩብ ያህል ይሳሳል። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል። ቾኩ ተስቦ ከቆየ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፤ ትርፉ ቤንዚንም የሲሊንደሩን ዘይት ያጥበዋል። ሞተሩ እንደተነሳ ቾኩን ቀስ በቀስ መመለስ ይገባል። ቤንዚን እየሸተተ አልነሳ ካለ ቾኩን መልሶ፣ ጋዙን ሙሉ በሙሉ ከፍቶ ደጋግሞ መርገጥ፣ ሲነሳም ወዲያው ጋዙን መልቀቅ ነው።

የተነሳው ሞተር አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ በዝግታ ይሠራል። ቾኩ ተመልሶ ሳይጠፋ ከቆየና ጋዝ ሲሰጠው ሳያንገራግር ከተቀበለ ለጉዞ ዝግጁ ነው። ከዚህ በላይ ማቆየት ቤንዚን ማባከን ነው፤ በነፋስ የሚቀዘቅዝ ሞተር ብዙ ከቆመ ከመጠን በላይ ይግላል። ቀሪው ሙቀት በጉዞ ይገኛል፤ ይኸውም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትሮች በእርጋታ በመንዳት ነው።

ከሁሉም በላይ የሰው ሕይወት ይቀድማል። በማኅበሩ መጋዘን ወይም በመኖሪያ ቤት ውስጥ ያደረ ሞተር ብስክሌት ሳይነሳ ተገፍቶ ወደ ውጭ መውጣት አለበት። ከማርሚታው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሰው ይገድላል። በር መክፈት ብቻውን አያስተማምንም።

የማኅበር መሪዎች ድርሻም ከዚህ ይጀምራል። ለሞተር ብስክሌቱ ከጤዛና ከውርጭ የሚከላከል ማደሪያ ማዘጋጀት፣ በቤት ውስጥ እንዳይነሳ መቆጣጠር፣ ሠራተኛውንም በማለዳ ቶሎ ተነስ እያሉ አለማጣደፍ ይጠበቅባቸዋል። ለማሞቂያ የሚጠፋው ሁለት ደቂቃ ሞተሩ ተበላሽቶ መለዋወጫ ፍለጋ ከሚባክነው ጊዜ ጋር አይወዳደርም።