አሮጌ መኪና ዳገት ላይ ለምን ትፈላለች?

ንፍሮ ሰቆጣ ላይ ከቆላው ዘግይቶ እንደሚበስል አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? እንጨት አንሶ አይደለም። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ 2200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ከፍታ ላይ ውሃውን ከላይ የሚጫነው አየር ሳስቷል። ጫናው ሲቀንስ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፤ በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ የሚፈላው ሰቆጣ ላይ በ92 ወይም በ93 ይፈላል። ድስቱ ከዚያ በላይ ስለማይሞቅ ባቄላው ቀስ ብሎ ይበስላል።

አሁን ከምድጃው ወደ መኪናው እንሂድ። የብዙ ሞተሮች ጤናማ የሥራ ሙቀት 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሰቆጣ ላይ ውሃ ሊፈላ ምንም አልቀረውም ማለት እኮ ነው! ታዲያ መኪኖች ሁሉ ለምን አይፈሉም?

መልሱ የራዲያተሩ ክዳን ነው። ውስጡ ባለው ስፕሪንግና ጎማ ግፊቱን አምቆ ይይዛል። ብዙዎቹ ላይ 0.9 ወይም 1.1 ተብሎ ተጽፏል፤ ከውጭው አየር በላይ ስንት ባር ግፊት እንደሚይዝ ይነግራችኋል። ጤነኛ ባለ 0.9 ክዳን ሰቆጣ ላይ ውሃው እስከ 115 ዲግሪ ገደማ እንዳይፈላ ያደርገዋል። የደከመ ክዳን ግን ይህን ሁሉ ያሳጣል።

ስለዚህ ደጋ ላይ የምርመራው የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነው፦ ውሃው ሲፈላ የሙቀት ጌጁ ምን ያሳያል? መርፌው መሃል ላይ እያለ ራዲያተሩ ካፈላ፣ መጀመሪያ ክዳኑን ጠርጥሩ። ጎማው ደርቆ ወይም ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ቆላ ላይ ሳይታወቅ የኖረ ደካማ ክዳን ደጋ ሲወጣ ይጋለጣል።

መርፌው ወደ ቀዩ ከሄደስ? «የምትሞቀው መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ቆማ ስትሠራ እየሞቀች ስትሄድ የምትቀዘቅዝ ከሆነ፣ ቬንትሌተሩን ወይም የሚያዞረውን ቺንጋ እዩ። ስትሄድ ነፋሱ ሥራውን ይሸፍንለታል፤ ስትቆም ግን ማንም የለም።

ሜዳ ላይ ደህና ሆና ዳገት ላይ የምትሞቅ ከሆነ፣ ራዲያተሩ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። ከአላማጣ ግራካሶን ወጥታችሁ በኮረም በኩል ወደ ሰቆጣ ስትመጡ አስቡት። ሞተሩ በዝቅተኛ ማርሽ ይታገላል፣ መኪናዋ ስለምታዘግም ነፋሱ ትንሽ ነው፣ አየሩም ስለሳሳ የሚያነሳው ሙቀት ያንሳል። ከውጭ አቧራና ገለባ፣ ከውስጥ ደግሞ ማንቆርቆሪያ ላይ የምታዩት ዓይነት ነጭ ቅርፊት ሲጨመርበት፣ በቃ ትፈላለች። ቅርፊቱ የሚመጣው ማዕድን ያለበት ውሃ ለዓመታት ሲሞላ ነው።

ተነስታ ብዙም ሳትሄድ የምትሞቅ ከሆነ ቴርሞስታቱ ተዘግቶ ቀርቶ ይሆናል። መካኒኮች አውጥተው ውሃ ውስጥ በመቀቀል ይፈትኑታል። እዚህ ላይ ከፍታው ሊያታልል ይችላል፦ 82 የተባለ ቴርሞስታት በ82 ዲግሪ መከፈት ቢጀምርም፣ ሙሉ ለሙሉ የሚከፈተው 95 አካባቢ ነው። የሰቆጣ ድስት ግን 93ን አያልፍም! ስለዚህ በከፊል ብቻ ስለተከፈተ «ተበላሽቷል» ብላችሁ አትጣሉት።

ውጭ ምንም ሳይንጠባጠብ ውሃው እየጎደለ፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ወፍራም ነጭ ጭስ ካልቆመ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። ይህ ለመካኒክ የሚተው ከባድ ሥራ ነው። ውድ ስለሆነም፣ ርካሹን ክዳን ሳታዩ እዚህ አትድረሱ።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ ትኩስ ራዲያተር በፍጹም አትክፈቱ። ግፊት አምቆ የያዘው ውሃ ክዳኑ እንደተነሳ ባንዴ ይፈላል። ሰቆጣ ላይ እንፋሎት የሆነ አንድ ሊትር ውሃ ከ2000 ሊትር በላይ ቦታ ይፈልጋል፤ የሚወጣውም ፊታችሁ ላይ ነው። ሞተሩን አጥፉ፣ የላይኛውን የጎማ ቱቦ በእጅ መያዝ እስኪቻል ጠብቁ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስም ቴስታታውን ሊሰነጥቀው ይችላል።

በሚቀጥለው ጉዟችሁ መንገድ ዳር ቆማ የምታፈላ መኪና ስታዩ፣ ከርቀት ሆናችሁ ሾፌሩን ሁለቱን ጥያቄዎች ጠይቁት፦ መርፌው የት ነበር? መቼ ሞቀች?