ኖራ ከመበተኑ በፊት መለኪያው ይፈተሽ

በጎጃምና በአዊ ደጋማ አካባቢዎች ከፍተኛ ዝናብ ካልሲየምና ማግኒዢየምን ከአፈሩ አጥቦ ስለሚወስድ የአፈር አሲዳማነት የብዙ አርሶ አደሮች ችግር ነው። የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም የሰብሉን ሥር ይጎዳል፤ ማዳበሪያ ቢጨመርም ስንዴውና ገብሱ የሚጠበቀውን ምርት አይሰጥም።

መፍትሔው ኖራ ቢሆንም ውሳኔው በልኬት ላይ ይመሠረታል። ትክክለኛ ፒኤቹ 5.0 የሆነን ማሳ በእጅ የሚያዘው መለኪያ 5.6 ብሎ ካነበበው፣ ኖራ የሚያሻው ማሳ ሳያገኝ ይቀራል። ስህተቱ በተቃራኒው ከሆነ ደግሞ በርካታ ኩንታል ኖራ ያለ አግባብ ይበተናል።

መለኪያው የሚስተካከለው ፒኤቻቸው በታወቀ ፈሳሾች ነው፤ ለአሲዳማ አፈር በቅድሚያ በ7፣ ቀጥሎ በ4። ቁጥሩ አልረጋ ካለ ወይም መሣሪያው ማስተካከያውን ካልተቀበለ በመጀመሪያ የሚፈተሸው ፈሳሹ ነው። ጊዜው ያለፈበት፣ ተከፍቶ የቆየ ወይም ከአገልግሎት በኋላ ወደ ጠርሙሱ የተመለሰ ፈሳሽ ያሳስታል።

ቀጥሎ የመለኪያው ጫፍ ይታያል። ጭቃ ከያዘ በተጣራ ውኃ ይታጠባል እንጂ በጨርቅ አይታሽም። ደርቆ የቆየ ጫፍ በፖታሲየም ክሎራይድ ማስቀመጫ ፈሳሽ ለሰዓታት ይነከራል፤ በተጣራ ውኃ ውስጥ ማስቀመጥ ግን ይጎዳዋል። የባትሪው አቅምም መታየት አለበት።

ከማስተካከያው በኋላ መለኪያው በ4 ፈሳሽ ውስጥ ዳግም ተነክሮ ከ4 የራቀ ቁጥር ካሳየ ወደ ማሳ መውጣት የለበትም። ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተስተካከለ ጫፉ መቀየር ይኖርበታል። የማስተካከያው ቀንና ውጤት ከማሳው ልኬት ጋር ቢመዘገብ፣ አርሶ አደሩም ሆነ ወረዳው የኖራውን መጠን በእርግጠኝነት ለመወሰን ይረዳቸዋል።