የሶደሬን ውሃ የሚያሞቀው

ከአዳማ በስተደቡብ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ አዋሽ ወንዝ ዳር ያለችው ሶደሬ ለብዙ አዲስ አበቤ የቅዳሜና እሁድ መዝናኛ ናት፤ ፍልውሃው፣ መዋኛ ገንዳው፣ የግራሩ ጥላ፣ ምግብ ከእጅ የሚመነትፉት ጦጣዎች። እ.ኤ.አ. በ2014 አገልግሎት የጀመረው የፍጥነት መንገድ አዳማን ስላቀረበው ጠዋት ወጥቶ ማታ መመለስም ቀሏል። ለድካም ማውጫ ይህ ይበቃል። አካባቢውን ለማወቅ ለመጣ ግን ገንዳው መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም፤ ውሃውን የሚያሞቀው ነገር በዙሪያው ያለውንም አብዛኛውን ሠርቶታልና።

ነገሩ ስምጥ ሸለቆው ነው። መሬት እየተለጠጠ በሚሰነጠቅበት በዚህ ቦታ የዝናብ ውሃ በስንጥቁ ይሰርጋል፣ ከጋለ ዓለት ጋር ይገናኛል፣ ሞቆ ይወጣል። የሥነ ምድር ባለሙያዎች ዋናውን የስንጥቅ መስመር በጎረቤቷ በወንጂ ስም ይጠሩታል። ውሃው ግን ሙቀት ብቻ ይዞ አይመጣም፤ ከእሳተ ገሞራ ዓለት ፍሎራይድም ያሟሟል። የወንጂ ስኳር እርሻ ሠራተኞችና ልጆቻቸው የጉድጓድ ውሃ ጠጥተው ጥርሳቸው የበለዘው፣ አጥንታቸውም የተጎዳው በዚሁ ሰበብ ነው። ስለዚህ «ፍልውሃ ይፈውሳል» የሚለውን የቆየ እምነት ልክ ሊያበጁለት ይገባል፦ ሙቅ ውሃ የዛለ ጡንቻን ያፍታታል፣ ከዚህ ሸለቆ የፈለቀ ሁሉ ግን አይጠጣም።

ታሪክ የፈለገ ሐረር ወይም ጎንደር ይሂድ የሚል አይጠፋም። ግንብና ቤተ መንግሥት ለሚፈልግ ልክ ነው፤ ሶደሬ ያ የላትም። በቅኝ ባልተገዛች አገር ውስጥ ግን የቅኝ ገዢዎች ዘመን ያሳረፈውን አሻራ ለማየት ከዚህ የተሻለ ቦታ ጥቂት ነው። ከሶደሬ ሽቅብ ያለው የቆቃ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1960 ሲጠናቀቅ ወጪው የተሸፈነው ጣሊያን ለወረራዋ በከፈለችው የጦር ካሳ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1947ቱ የሰላም ውል ለኢትዮጵያ የተወሰነላት 25 ሚሊዮን ዶላር ነበር። የወንጂን ስኳር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ያስጀመረው ኤች ቪ ኤ ደግሞ በኢንዶኔዥያ የቅኝ ግዛት እርሻ የከበረ፣ እዚያ ዘመኑ ሲከዳው ፊቱን ወደ አዋሽ ሜዳ ያዞረ የሆላንድ ኩባንያ ነው። አዳማን ራሷን ከተማ ያደረጋት በፈረንሳይ ኩባንያ የተዘረጋው የጅቡቲ ባቡር ነው። (ጣቢያውን ሳያዩ በከተማዋ ማለፍ ጥፋት ነው።)

ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ማየት አይቻልም የሚል ካለ፣ ቅደም ተከተሉን ያስተካክል። ጠዋት ቆቃ፣ ረፋዱን የወንጂ አገዳ፣ ሶደሬ ለከሰዓት፣ ሰውነት ሲዝል። ዋና በገንዳ ነው፤ አዋሽ አዞና ጉማሬ አለበት፣ ዳርቻው ላይ ቆሞ ማየት ይበቃል።