ሰንበቴ፦ ገበያውና ጽዋው

እሑድ ረፋድ ላይ እናቴ ደወለች። «የት ነህ?» አለችኝ። «ሰንበቴ ነኝ» አልኳት።

«እሰይ የኔ ልጅ! ተረኛው ማነው? ሙሴውስ ደኅና ናቸው?»

እኔ የቆምኩት ግን በግመልና በፍየል መሃል ነበር። ሰንበቴ ከሸዋ ሮቢት ወደ ከሚሴ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች የጅሌ ጥሙጋ ወረዳ ከተማ ናት፤ ኦሮሞው፣ አፋሩና አማራው በየእሑዱ የሚገበያዩባት። ገበያተኛው በአብዛኛው ሙስሊም ስለሆነ እሑድ የእሱ ሰንበት አይደለም፤ የሥራ ቀኑ ነው።

የእናቴ ሰንበቴ ሌላ ነው፤ «የሚጠጣው»። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ምእመናኑ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ይሰበሰባሉ። ተረኛው እንጀራ በወጥ፣ ድፎ ዳቦና ጠላ ያቀርባል፤ ካህን ይባርካል፤ አባላቱ ከቆሎ ተማሪውና በር ላይ ከተቀመጠው ድሃ ጋር ይካፈላሉ። ከዚያ ጽዋው ወደ ቀጣዩ ተረኛ ያልፋል። ሰብሳቢው «ሙሴ» ይባላል። ከማኅበር ጋር አታምታቱት፤ ማኅበር በወር በወር በአንድ ጻድቅ ወይም መልአክ ቀን በተረኛው ቤት ይጠጣል። ቁርባንም አይደለም፤ ዳቦው ዳቦ ነው። በልቶ ተራው ሲደርስ ስልክ የሚያጠፋ ሰው ግን ጠላም ቢሆን አይገባውም።

ክርስትናን አስተዋውቀኝ ለሚለኝ ሰው መጀመሪያ ሰንበቴ ጠጣ እለዋለሁ። የቀረውን ሁሉ መጽሐፍ ይነግረዋል። እግዚአብሔር አንድም ሦስትም ነው፤ ወልድ ሰው ሆነ፣ ተሰቀለ፣ ተነሣ። በ451 እ.አ.አ. በኬልቄዶን ጉባኤ አብያተ ክርስቲያናት ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ተለያዩ፤ እኛ ከግብፅ፣ ከሶርያና ከአርመን ጋር «ተዋሕዶ» ብለን ቀረን። በ1054 ሮምና ቁስጥንጥንያ ተኳረፉ፣ በ1517 ሉተር ተነሣ። ክርስትና ወደ አገራችን በአራተኛው ክፍለ ዘመን በንጉሥ ኢዛና ጊዜ ገባ፤ አባ ሰላማ የምንለውን ፍሬምናጦስን የሾመው የእስክንድርያው አትናቴዎስ ነው። የራሳችንን ፓትርያርክ ያገኘነው ግን በ1951 ዓ.ም. ነው። በቃ።

የሰንበቴን ስም፣ ሰንበትን፣ ካነሣሁ ግን እኔን የሚያንገበግበኝ ቅዳሜ ነው። ስንት የተማረ ሰው «ሰንበት» ሲባል እሑድን ብቻ ያስባል! አፉ ግን በየሳምንቱ ይመሰክርበታል፤ «ቅዳሜ» የመጣው «ቀዳሚት ሰንበት» ከሚለው ነውና። ሰንበት ሁለት ነው፣ ቀዳሚትና እሑድ።

ለዚህች ቅዳሜ የተከፈለው ዋጋ ቀላል አይደለም። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የሰራዬው መነኩሴ አባ ኤዎስጣቴዎስ ሁለቱም ሰንበታት ይከበሩ ሲሉ፣ የእስክንድርያን ትምህርት የያዙት ነገሩን አይሁዳዊ ልማድ ነው አሉ። አባታችን አገር ጥለው በግብፅና በቆጵሮስ በኩል አርመን ደረሱ፤ በ1352 እ.አ.አ. እዚያው ዐረፉ። ደቀ መዛሙርታቸው ክህነት ተከለከሉ፣ ግን ከአቋማቸው ፈቀቅ አላሉም። በ1404 ዐፄ ዳዊት ቅዳሜን እንዲያከብሩ ፈቀዱላቸው። በመጨረሻ በ1450 ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሰበሰቡ፤ ከግብፅ የመጡት ጳጳሳት ሚካኤልና ገብርኤልም ተስማሙ። ቅዳሜ አሸነፈች። በ1622 ካቶሊክ የሆኑት ዐፄ ሱስንዮስ ቅዳሜን ሲከለክሉ ሕዝቡ ያመፀው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከብዙ ደም በኋላ በ1632 የቀድሞው ሃይማኖት ሲመለስ ቅዳሜም አብራ ተመለሰች።

ለዚህም ነው በዐቢይ ጾም እንኳ ቅዳሜና እሑድ ከሥጋና ከቅቤ እንጂ ከእህል ውኃ የማይጾመው። በዓመት አንዲት ቅዳሜ ብቻ ትጾማለች፣ የፋሲካ ዋዜማ። ስሟ «ቀዳም ሥዑር» ነው፣ የተሻረች ቅዳሜ፤ የሰንበትነት ክብሯ ለአንድ ቀን በጾም ተሽሯልና። እኛ «ቅዳም ሹር» እያልን ቄጤማ እንጎዘጉዛለን፣ «ሹር» ምን እንደሆነ ሳንጠይቅ። «ሻረ» ነው እኮ! ቃሉ ከነታሪኩ አፋችን ውስጥ ተቀምጦ ለምን ጠላ ብቻ እንጠጣበታለን?

ወደ ገበያው ልመለስ። ለእናቴ ነገሩን ባብራራላት ሳቀች። ቀጥላ የሚቀጥለው እሑድ ተራዋ እንደሆነ ነገረችኝ። ጤፉ ጥሩ ነበር፤ ግማሽ ኩንታል አስጫንኩና አዲስ አበባ ይዤላት ገባሁ።

ጆንያውን በእጇ ዳሰሰችው። «እሑድ ነው የገዛኸው? ሰንበትን ሽረህ?»

ስለ አባ ኤዎስጣቴዎስ ያን ያህል ያወራሁ ሰውዬ መልስ አጣሁ። እሷ ግን ቆየት ብላ ሰፌዱን አወረደች።

«በል ወደ ጓዳ አስገባው። የሚበላው ድሃ ነው።»